ማህተም የሌለው እርቅ

ማረሚያ ቤት የተቀጠርሁ ዕለት መጀመሪያ የታረምሁት እኔ ነበርሁ። በር ላይ የቆመውን ፖሊስ «እስረኞቹ በየት በኩል ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «እስረኛ የሚባል እዚህ የለም» አለኝ። ግቢ የተሳሳትሁ መስሎኝ ደነገጥሁ። ቀና ስል ግን ከሽቦው ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ ስፍር ቁጥር የሌለው ወንድ ይታየኛል።

«እነዚያስ?»

«እነዚያ የህግ ታራሚዎች ናቸው። እስረኛ ድሮ ቀረ፤ አንቺም ተማሪ» አለና አስገባኝ።

ወህኒ ቤቱ ማረሚያ ቤት፣ እስረኛው ታራሚ፣ ዘበኛው የማረሚያ ፖሊስ ከተባለ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። ቁንጫውም አዲስ ስም ስላልወጣለት በድሮ ጠባዩ ቀጥሏል።

እዚያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖረው እናቴ ዩኒቨርሲቲ አስተምራ ልጇን ወህኒ ቤት ማስገባቷ ከንክኗታል። ጎረቤት «ልጅሽ የት ገባች?» ሲላት «መንግሥት ቤት» ትላለች። «ምን ትሠራለች?» ሲሏት «ታርማለች» ትላቸዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ፈተና የማርም አስተማሪ መሰልሁት፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም የልጇን የሒሳብ ውጤት እንድመለከትላት ለመነችኝ።

የሥራ መደቤ «የተሃድሶና የምክር አገልግሎት ባለሙያ» ይባላል። ሥራው ግን በአመዛኙ ቅጽ መሙላት ነው። ኃላፊያችን ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበረ፣ ክፋት የሌለበት፣ ቃል የሚወድ ሰው ነበር። ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ሌላው ሰው ለልጆቹ ብስኩት እንደሚያመጣ እሱ ለእኛ አዲስ ቃል ያመጣል። እኔ በገባሁበት ሰሞን ያመጣው ቃል «የሚለካ የባህሪ ለውጥ» ነበር። ለእያንዳንዱ ታራሚ አንድ ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ «ጸጸት» የሚል ርዕስ፣ ከሥሩም ሦስት ሳጥኖች፤ «ተጸጽቷል»፣ «በመጸጸት ላይ ነው»፣ «አልተጸጸተም»።

በመጀመሪያው ወር ከአርባ የማያንሱ ታራሚዎችን አነጋገርሁ። አንድም ጥፋተኛ አላገኘሁም። ሁሉም በሐሰት ምስክር የገቡ ናቸው፤ ሁሉም ግን ከልባቸው ተጸጽተዋል። ባልሠሩት ሥራ እንዴት እንደተጸጸቱ ቅጹ ስለማይጠይቅ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ አንድ ቀን ባለመጥረቢያውን አስገቡልኝ። ግቢው ውስጥ የሚጠራው እንዲህ ነው። ሃምሳውን አለፍ ያለ፣ ከኮምቦልቻ በታች ካለው ሸለቆ የመጣ ገበሬ ነበር። ነጭ ቆብ ደፍቷል፤ የሶላት ምንጣፉን በብብቱ ይዟል።

«እንደምን ዋሉ?» አልሁት።

«አልሐምዱሊላህ። አንቺ እንደምን ዋልሽ ልጄ? ቤት ደህና? እናት አባት ደህና?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ተመካሪዬ እኔን ጠየቀኝ። ወረቀቴን አስተካከልሁና ጀመርሁ።

«የተከሰሱበትን ወንጀል ፈጽመዋል?»

«አዎ። መታሁት። ሦስት ጣቱን አወረድሁት።»

ብዕሬ ቆመ። «ማለት… ምስክሮቹ በሐሰት…»

«ምን ሐሰት አለው? አገር እያየ ነው የመታሁት።»

«እሺ። ተጸጽተዋል?»

ይህን ጊዜ ቆቡን አውልቆ አየት አደረገና መልሶ ደፋው።

«በየትኛው?» አለኝ።

«እንዴት በየትኛው?»

«በመጥረቢያው ከሆነ ወላሂ ተጸጽቻለሁ። ያን እጄን ለዱአ ባነሳሁ ቁጥር አፍራለሁ። በውሃው ከሆነ ግን አልተጸጸትሁም። ተራው የኔ ነበር።»

ነገሩ የመስኖ ውሃ ነው። ሸለቆው ውስጥ አንዲት ቦይ አለች፤ ገበሬው በተራ በተራ ወደ ማሳው ይመልሳታል። አንድ ማለዳ ባለመጥረቢያው ሽንኩርቱን ሊያጠጣ ሲወርድ ቦይዋ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ዞራ አገኛት። መለሳት። ጎረቤቱ ደግሞ መለሳት። ሦስተኛው ላይ መጥረቢያ ተነሣ። ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት፤ እኔ ሳገኘው ስድስተኛው ሊሞላ ነበር።

ቅጹን አየሁት። ለግማሽ ጸጸት ሳጥን የለውም። «በመጸጸት ላይ ነው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ለኃላፊዬ አቀረብሁ።

«በመጸጸት ላይ?» አለ ኃላፊዬ መነጽሩን ከፍ አድርጎ። «ስንት ፐርሰንት?»

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ሃምሳ» አልሁ።

ፊቱ በራ። «ይኸውልሽ! የሚለካ ማለት ይሄ ነው። ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሰባ አምስት እናድርሰው።»

መቶ ፐርሰንት የተጸጸተ ሰው አልነበረንም እንዳይባል፣ ነበረን። ማህተም ቀራጭ ነው። ከጎማ ጫማ ሶል ላይ በምላጭ የቀበሌና የትምህርት ቤት ማህተም እየፈለፈለ ሲያትም ነው የተያዘው። ንጹሕ ለባሽ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ የታራሚዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ስለ ታማኝነት ትምህርት ይሰጣል። የጸጸት ደብዳቤው ኃላፊያችንን አስለቅሶታል። ደብዳቤው እንደተወደደ ሲሰማ ግቢው በሙሉ «ለኔም ጻፍልኝ» እያለ ተሰለፈበት፤ እሱም አላሳፈራቸውም። በዚህ ምክንያት የእኔ መደርደሪያ ላይ ባሉት ፋይሎች ውስጥ ነፍሰ ገዳዩም፣ ፍየል ሌባውም፣ ጠለፋ የፈጸመውም «ያ የጨለመ ቀን ከሕይወቴ መዝገብ ቢፋቅ» እያሉ በአንድ ቃልና በአንድ የእጅ ጽሑፍ ተጸጽተዋል።

ባለመጥረቢያው ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ የአመክሮ ጊዜው ደረሰ። በመልካም ጠባይ ቀሪው ተቀንሶለት እንዲወጣ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የእኔ ቅጽና ከተበዳዩ ጋር ለመታረቁ ማስረጃ። ቅጹን ሰባ አምስት ላይ አደረስሁት፤ እንዴት እንዳደረስሁት አትጠይቁኝ። የቀረው እርቁ ነበር። «ታርቀዋል?» ብዬ ስጠይቀው «ድሮ» አለኝ። «ማስረጃ አለ?» ስለው «ምን ዓይነት?» አለ። ተውሁት።

ቅዳሜ የጥየቃ ቀን ነው። በዚያ ሳምንት ሴት ጠያቂዎችን የምትፈትሸው ባልደረባችን ወልዳ ስለነበር እኔን በር ላይ አቆሙኝ። ረፋዱ ላይ ከወንዶቹ ሰልፍ አንድ ሽማግሌ መዝጋቢው ፖሊስ ዘንድ ደረሰ። ነጠላ አጣፍቷል፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ በጨርቅ የተቋጠረ የማሽላ እሸት ይዟል፤ ሽታው እኔ ጋ ይደርሳል። የሚጠይቀውን ሰው ስም ተናገረ። ባለመጥረቢያው ነው።

«ምኑ ነህ?» አለ ፖሊሱ ቀና ሳይል።

«ወንድሙ።»

ፖሊሱ «ወንድም» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ሊፈርም ቀኝ እጁን ሲዘረጋ አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ናቸው ያሉት። ብዕሩን በሁለቱ መካከል ቀርቅሮ ፈረመ።

ወደ ጥግ ጠራሁት። «ይቅርታ አባቴ፤ እጅዎን ምን ሆኑ?»

«እሱ ነዋ!» አለኝ በአገጩ ወደ ግቢው እያመለከተ። በረዶ የመታውን ማሳ የሚያሳይ ነበር የሚመስለው።

«እሱ ማን?»

«ይሄ የምጠይቀው።»

«ታዲያ ወንድሙ ነኝ አላሉም እንዴ?»

«ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን እውነቱን ተናግሬ ነበር። ‹የመታኝ ሰውዬ ነው፣ ልጠይቀው መጣሁ› ብዬ። ሊበቀል መጣ ብለው እስከ ቀትር አቆሙኝ። ሚስቱ የጋገረችለትን ዳቦ ቢላ አለበት ብለው በሽቦ ወጋግተው ወንፊት አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ወንድም ነኝ።»

«ሁልጊዜ ይመጣሉ?»

«ሚስቱ እግሯን ያማታል፤ ዳገቱን አትችለውም። ታዲያ ማን ይምጣለት?»

እሸቱን ይዞ ገባ። ከሽቦው ወዲያና ወዲህ ቆመው ሲያወሩ አየኋቸው። ስለ አንዲት የታመመች ላም ነበር የሚያወሩት።

ሰኞ ጠዋት እየበረርሁ ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። ማስረጃ አገኘሁ! ተበዳዩ በየሳምንቱ እየመጣ ይጠይቀዋል፤ መዝገቡ ላይ ፊርማው አለ! ኃላፊዬም ደስ ብሎት የአመክሮ ኮሚቴውን ሰበሰበ። ኮሚቴው የጥየቃ መዝገቡን አስመጥቶ ገልጦ ገልጦ መረመረ። ከሕግ ክፍል የመጣው አባል ጣቱን «ዝምድና» የሚለው ረድፍ ላይ አኖረ።

«እዚህ ላይ ‹ወንድም› ይላል። ወንድሙ ከሆነ ተበዳዩ አይደለም። ተበዳዩ ከሆነ ወንድሙ አይደለም።»

«ተበዳዩ ነው፤ ወንድሙ ነኝ ያለው እንዲያስገቡት ብሎ ነው» አልሁ።

«እንግዲያው ለመንግሥት አካል ሐሰተኛ ቃል ሰጥቷል ማለት ነው። በመዝገብ ይያዝ?»

«ወንድሙ ነው!» አልሁ ደንግጬ።

«ወንድሙ ከሆነ ማስረጃ አይሆንም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ከቀበሌው ማህተም ያረፈበት የእርቅ ደብዳቤ እንዲመጣ ተወሰነ፤ የማመጣውም እኔ ሆንሁ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቁልቁለቱን ወረድሁ። ደሴ ላይ የደረብሁትን ሹራብ ኮምቦልቻ ስደርስ በእጄ ይዤው ነበር። ከከተማው ወጥቼ በእግር ሸለቆው ጋ ስደርስ ቀትር ሆነ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ወጣት፣ ትሑት፣ ጠረጴዛው ላይ ከማህተም በቀር ምንም የሌለ ልጅ ነበር። ጉዳዩን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«እነሱማ ታርቀዋል። አገር ያውቃል።»

«እንግዲያው ይህንኑ ይጻፉልኝ።»

«እኛ ፊት አልታረቁማ። ቃለ ጉባኤ የለም። ያለው አሠራር አንድ ነው፤ ተበዳዩ ‹ከሰውዬው ጋር ተጣልቻለሁ፣ አስታርቁኝ› ብሎ ያመልክት፣ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ይታረቁ፣ ማህተም እናደርጋለን።»

«ታርቀዋል እኮ እያልሁዎ ነው። ተጣልተናል ብሎ ያመልክት?»

«እህቴ፣ ያልተጣላ ሰው እንዴት አድርጌ ላስታርቅ?» አለኝ ከልቡ አዝኖ።

የባለመጥረቢያውን ጎረቤት ቦይ ሲጠርግ አገኘሁት። የሥራ አስኪያጁን ሐሳብ ስነግረው አካፋውን ተከለና ፊቱን አዞረ። «በአበጋሩ ፊት ቂሜን ትቻለሁ ብዬ ምያለሁ። ተጣልቻለሁ ብዬ የምፈርም ከሆነ መሐላዬን በላሁት ማለት ነው። ለልጆቼ ይተርፋል የኔ ልጅ፤ ይህን አትጠይቂኝ።»

ይልቅ አበጋሩ ዘንድ ወሰደኝ። አበጋር በእኛ አገር ደም የሚያደርቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚፈራው የአገር ሽማግሌ ነው። ይኼኛው ዓይናቸው የፈዘዘ፣ ጆሯቸው ግን የሚሰማ አዛውንት ነበሩ። እርቁን ራሳቸው እንደፈጸሙት፣ ሁለቱም ወገን በየሃይማኖቱ አርዶ ለየብቻ በልቶ በአንድነት እንደመረቀ ነገሩኝ።

«ጽሑፍ ነገር አልያዙም አባባ?» አልኋቸው።

«ለምኑ?»

«ለማስረጃ። መታረቃቸውን የሚያምን ጠፋ።»

«ማነው ያላመነ?»

«መንግሥት።»

አዛውንቱ ጺማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡ። «መንግሥት ከዚህ ነገር ምን ገባው? ከማን ተጣላ? ከተጣላ ይምጣና እሱንም እናስታርቀው።»

የአውራ ጣታቸውን አሻራ ባዶ ወረቀት ላይ ወስጄ ተመለስሁ። ኮሚቴው «የግለሰብ ጣት ነው» ብሎ መለሰው።

ማረሚያ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው ይባላል፤ ወሬ ግን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። በሦስተኛው ቀን ማህተም ቀራጩ ቢሮዬ በር ላይ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«እህቴ፣ ችግርሽን ሰማሁ። የዚያን ቀበሌ የድሮ ማህተም እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ከዋናው የተሻለ ነበር። አዲሱን አንድ ጊዜ ብቻ ካሳየሽኝ…»

«አንተ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ አይደለህም?»

«ለዚያ እኮ ነው ያሳሰበኝ። እርቁ እውነት ነው፤ የጎደለው ማህተም ነው። እስከዛሬ ለውሸት ነበር ማህተም የምሠራው። አሁን ለእውነት ልሥራ እያልሁሽ ነው። ከዚህ በላይ ምን መታረም አለ?»

ውጣልኝ አልሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ አሰብሁበት። የቀበሌው ማህተም ያረፈበት የስብሰባ መጥሪያ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አወጣሁት፣ ሁለት ጊዜ መለስሁት። በሦስተኛው ቀን ባለመጥረቢያውን አስጠርቼ በደፈናው «አንድ መንገድ ነበር፤ ደግ መንገድ ግን አይደለም» አልሁት። እሱም ወሬው ደርሶት ኖሮ ሳቅ አለ።

«ተይው ልጄ። እዚህ የገባሁት በሠራሁት ሥራ ነው። በውሸት ወጥቼ አበጋሩን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አብሽሪ፣ ሦስት ዓመት ምን አላት።»

አብሽሪ አለኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው። መካሪዋ እኔ ነበርሁ።

በዚህ መሀል ኃላፊያችን ባሕር ዳር ደርሶ መጣ። የዚህ ጊዜው ቃል «ሕዝባዊ የእርቅ መድረክ» ነበር። ታራሚዎችና ተበዳዮች በእንግዶች ፊት መድረክ ላይ ይተቃቀፋሉ፤ የየቀበሌው ሥራ አስኪያጆች ማህተማቸውን ይዘው ይገኛሉ፤ ደብዳቤው እዚያው ይታተማል። ተበዳዩ ምንም ማመልከት አይጠበቅበትም፤ መተቃቀፍ ብቻ። ጎረቤቱን ጠየቅሁት። «መተቃቀፉ ምን ይከብዳል?» አለኝ። እኔም ችግሩ ተፈታ ብዬ ከኃላፊዬ ጋር የጨርቅ መፈክር ስሰቅል ዋልሁ።

ዕለቱ ደረሰ። ከዞን እንግዶች መጡ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ካሜራ የያዘ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። የመድረኩ መሪ ማህተም ቀራጩ ነበር፤ ከሱ የተሻለ ተናጋሪ ማን አለ? መጀመሪያ የራሱን እርቅ ፈጸመ። የበደለው መሥሪያ ቤት ስለነበር መሥሪያ ቤቱን ወክሎ አንድ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተላከለት። ተቃቀፉ። ማህተም ቀራጩ አለቀሰ፤ ሠራተኛውም ሕዝቡ ሲያየው ጨነቀውና አለቀሰ። ጭብጨባው ድንኳኑን አናወጠው።

ቀጥሎ የኔዎቹ ተጠሩ። በአሠራሩ መሠረት አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ወጣ፤ በመካከላቸው ሁለት ፖሊስ። ጎረቤቱ ገና ሲያየው «ላሟ ዳነች» አለው ከሩቅ። ባለመጥረቢያው «አልሐምዱሊላህ» አለ። እዚያው ላይ ቢተቃቀፉ አልቆ ነበር። ማህተም ቀራጩ ግን ሰው ልቡ እንዲነካ ብሎ በፕሮግራሙ ያልተጻፈ ጥያቄ ጠየቀ።

«ለመሆኑ አባቶቼ፣ ያን ክፉ ቀን ምን ነበር ያጣላችሁ?»

«ውሃ ነዋ» አለ ጎረቤቱ። «ተራዬን ሊቀማኝ መጥቶ።»

«ኧረ በጀሊሉ!» አለ ባለመጥረቢያው። «የማን ተራ?»

«የኔ ተራ። ረቡዕ የማን ነው?»

«ረቡዕ ያንተ ነው። ያን ዕለት ግን ሐሙስ ነበር!»

«ረቡዕ ነበር! ቆይ ልቁጠርልህ» አለና ጎረቤቱ ቀኝ እጁን አንሥቶ አውራ ጣቱን ያዘ። «ሰኞ።» ትንሿን ጣት ያዘ። «ማክሰኞ…» ጣት አለቀበት። እጁን ትንሽ አየውና «ምን ላድርግ፣ ረቡዕን ቆርጠኸው!» አለ።

ታራሚው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ባለመጥረቢያው ሆዱን ይዞ ተንበረከከ፤ ጎረቤቱም እየሳቀ በዚያው በጎደለው እጁ ጀርባውን ይደበድበዋል። «ሐሙስ ነበር ወላሂ» ይላል አንዱ እንባውን እየጠረገ፤ «በእመቤቴ ረቡዕ ነበር» ይላል ሌላው። እንግዶቹ ግን የሚያዩት ጩኸት፣ የተነሣ እጅና የሚደበደብ ታራሚ ነው። አንደኛው ከወንበሩ ተነሣ። ፖሊሶቹ ዘለው ገቡና ለያዩዋቸው፤ ባለመጥረቢያውን ወደ ክፍሉ፣ ጎረቤቱን ወደ በሩ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ማህተሙን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ሲመልስ አየሁት።

ሪፖርቱ «እርቁ በመከናወን ላይ እንዳለ ግጭቱ በማገርሸቱ ተቋርጧል» ይላል። ከተጠሩት ሁሉ በእውነት የታረቁት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ ያልታረቁ ተብለው የተመዘገቡትም እነሱ ብቻ ናቸው። አመክሮው ተከለከለ። ጸጸቱም ከሰባ አምስት ወደ ሃያ አምስት ወረደ።

ተቃወምሁ። ባለ ሦስት ገጽ ጽፌ አስገባሁ። በሳምንቱ ግምገማ ላይ ስሜ ተነሣ፤ «ለታራሚ ታዳላለች»፣ «አሠራር ትንቃለች»፣ «ከኮሚቴ ይልቅ ሽማግሌ ታምናለች» ተባልሁ። ሂሴን እንድውጥ ተጠየቅሁ። ሽማግሌ ማመኔን አምኜ ተቀበልሁ። ኃላፊዬ ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ «አይክፋሽ፤ እኔም ስቄ ነበር፤ አፌን በወረቀት ሸፍኜ ነው» አለኝ። ጭራሽ እሱን መጥላት አልቻልሁም።

ማህተም ቀራጩ በአመክሮ ወጣ። የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማህተሙን በባለሙያ ዓይን መረመረና «ጠርዙ ላይ ቀለም በዝቶበታል» አለኝ። አመስግኖኝ ሄደ።

ባለመጥረቢያው ግን ቀረ። ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ከክልል የይቅርታ ዝርዝር መጣ። ግቢው ከልክ በላይ ሞልቶ አንድ ፍራሽ ለሦስት ደርሶ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ የሱ ስም አለ። ስለ ጸጸቱም ሆነ ስለ እርቁ የጠየቀ የለም። ኃላፊዬን «ቅጹስ?» ብለው «ይሄ የፍራሽ ጉዳይ ነው» አለኝ።

የወጣው ማክሰኞ ቀን ስለነበር የሚቀበለው አልመጣም፤ ማንም አላወቀም። እኔ ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ወረድሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ማስመለስ ያዘውና መስኮቱን ከፈትንለት። ኮምቦልቻ ስንደርስ በመንገዱ ዳር የቆሙትን አዳዲስ የፋብሪካ ጣራዎችና ደረቅ ወደቡ ላይ የተደራረቡትን ኮንቴይነሮች እያየ «ይሄ ሁሉ የማን ቤት ነው?» ይለኛል። ሸለቆው ጋ ስንደርስ ጎረቤቱ በሬ ፈትቶ ይመለስ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ሳትነግረኝ? ቅዳሜ ልወጣ ነበር እኮ።»

ሌላ አልተባባሉም። የባለመጥረቢያው ሚስት እያነከሰች ወጥታ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ትንሽ ቆይቼ ልሂድ ስል የጎረቤቱ ሚስት እስከ አስፋልቱ ልሸኝሽ ብላ ተከተለችኝ። ዝምተኛ፣ ቀጭን ሴት ነች። ብዙ ከሄድን በኋላ በድንገት «እኔ እኮ በነሱ እርቅ አልታረቅሁም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«አበጋሩ ፊት ወንዶቹ ማሉ። እኔን ማን ጠየቀኝ? እጁን የማጥብለት እኔ፣ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ።»

«ታዲያ አሁንም…?»

«አይ፣ እኔ ከነሱ በፊት ነው የታረቅሁት» አለች። መንገዱን እያየች ነበር የምታወራው። «እሱ ተመትቶ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ዝናብ ጣለ። ማሳችን ሳይታረስ ሊቀር ነው። አንድ ማለዳ የመቺው ሚስት ወንድሟን ከነበሬዎቹ ላከችው። የራሷ ማሳ ሳይነካ የኛን ማረስ ጀመረ። ምሳውን ቋጥሮ መጥቷል፤ ከኛ ውሃ እንኳ አልጠየቀም። ሁለት ቀን በር ዘግቼ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን እርጎ ይዤ ወጣሁ። ቢስሚላህ ብሎ ተቀበለኝ። ያን ቀን ነው። የወንዶቹ በመከር ነው የመጣ።»

«ይህን ለማን ነግረሻል?»

«ማን ጠይቆኝ? አንቺስ ጠየቅሽኝ እንዴ? እኔ ነኝ እንጂ ያወራሁት» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጥጃዋ ማሳ ውስጥ ስትገባ ከሩቅ አየቻትና እየጮኸች ተመልሳ ሮጠች፤ ደህና ዋዪም አላለችኝ።

ሰውዬው ቤቱ መግባቱን በማግስቱ ለኃላፊዬ ሪፖርት አደረግሁ። ሴትዮዋ የነገረችኝን ግን አልነገርሁትም። ብነግረው ቅጽ ያዘጋጅለት ነበር።